ምዕራፍ 6፦ የማይሽከረከር ዳይናሞ

ሦስቱ ዕቃዎች የደረሱኝ ከዋሽንግተን በመጣችው የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በወፍራም ካልሲ ተጠቅልለው ነው። እያንዳንዳቸው ከጣት ብዙም አይበልጡም። ከላያቸው ስድስት ክብ የማግኔት ጫፎች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ከሥራቸው በጨርቅ የተለበጡ ሁለት ሽቦዎች ይወጣሉ። ገልበጥ ሳደርጋቸው የጠቀለላቸው ሰው በጥቁሩ መደብ ላይ የስሙን ሁለት ፊደላትና ቀኑን በእጁ ጽፎባቸዋል። የአክስቴ ልጅ አንዱን በመዳፏ ይዛ መዘነችው። «ለዚህች ነው ያን ሁሉ ዶላር ያስከፈሉህ?» አለችኝ። በዚያች ሰዓት አሳጥሬ ልመልስላት አልቻልኩም። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው የእሷን ጥያቄ ይዤ ነው።

ዕቃው ፒክአፕ ይባላል። እኛ አገር ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚታየው መኪናው ነው፤ ለጊታር ተጫዋች ግን ፒክአፕ የጊታሩ ጆሮ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ እሱ ስድስት ክር የተወጠረበት ድፍን እንጨት ነው። እንደ ክራር ወይም እንደ ማሲንቆ የሚያስተጋባ ሆድ የለውም፤ ቢመቱት ከአንድ ክፍል አልፎ አይሰማም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማግኔቶቹ ከበላያቸው ያለውን የብረት ክር እሱንም ማግኔት ያደርጉታል። ክሩ ሲመታ ይርገበገባል፤ በመርገብገቡም በዙሪያው ያለውን የማግኔት ኃይል ያወዛውዘዋል። በማግኔቶቹ ዙሪያ ደግሞ እንደ ጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሺህ ጊዜ በሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ለንደን ውስጥ እንዳሳየው፣ በጥምጥም ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሩ በሰከንድ 110 ጊዜ ከተርገበገበ ኤሌክትሪኩም በሰከንድ 110 ጊዜ ይመላለሳል። ግድብ ላይ ያለው ጄኔሬተር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። እዚያ ግዙፉን ብረት የሚያዞረው ውሃ ነው፤ እዚህ ክሩን የሚያንቀሳቅሰው ጣት ነው። ከፒክአፑ የሚወጣው ኃይል የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። የቀረውን አምፕሊፋየሩ ይጨርሰዋል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፦ ይህ ጆሮ የሚሰማው ብረት ብቻ ነው። የአየሩን ድምፅ አይሰማም፤ ናይለንና ጅማትም አይሰማም። ክራሩን በአምፕሊፋየር ማጫወት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። ክሮቹ ናይለን ከሆኑ የጊታር ፒክአፕ ቢገጥምበት ምንም አይወጣም። ወይ ክሩን ወደ ብረት መቀየር፣ ወይ ደግሞ ማግኔት የሌለውን፣ የእንጨቱን ንዝረት በግፊት የሚያውቀውን ፒየዞ የተባለውን ዓይነት መለጠፍ አለበት።

የፋራዴይን ሕግ ጊታር ላይ በሚሸጥ ዕቃ መልክ ቀድመው ያዋሉት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር ናቸው። በ1931 ሞከሩት፤ በ1932 መሸጥ ጀመሩ። ጭን ላይ ተኝቶ የሚመታ ጊታር ነበር፤ በቅርፁ ምክንያት «መጥበሻው» ይሉታል። እኔን ያሳሰበኝ ድምፅ የመጣው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከሎስ አንጀለስ ብዙም ከማይርቀው ፉለርተን ነው። ሊዮ ፌንደር እዚያ የሬዲዮ ጥገና ቤት ነበረው። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ግን ጥምጥም ሽቦን፣ ማግኔትንና ካፓሲተርን እንደ ቤቱ ዕቃ ያውቃቸዋል። በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ባለ ሦስት ፒክአፕ ጊታር አወጣ። እኔ ያለኝ የዚያ ጊታር ቅጂ ነው፤ ካልሲ ውስጥ የመጡት ሦስቱም የዚያ ዘመን ፒክአፖች ቅጂዎች ናቸው።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሊዮ ስም ይነሳል፤ ጊታሮቹን ያነሷቸው የታላላቅ ተጫዋቾች ስምም ይነሳል። ሽቦውን የጠቀለለው ማን ነው? በፉለርተን ፋብሪካ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። ስማቸውን ከምናውቃቸው አንዷ አቢጌይል ኢባራ ናት። በ1956 ተቀጠረች፤ ሥራዋን ያቆመችው በ2013 ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመት! መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር አንድ ተራ ሠራተኛ ነበረች። በኋለኞቹ ዓመታት ግን የስሟ ፊደላት ከሥሩ የተጻፈበት ፒክአፕ ሰው ተራ ጠብቆ የሚገዛው ሆነ።

ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥራዋን ለመገመት አይቸገርም። ማጉ በቀሰም ላይ ሲጠቀለል አንዱ እጅ ያሽከረክራል፤ ሌላው ፈትሉን በጣቶቹ መሃል ይዞ ግራና ቀኝ ይመራዋል። ጠበቅ ከተደረገ ይበጠሳል፤ ላላ ከተደረገ ቀሰሙ ላይ ይዝረከረካል፣ በኋላም ይጠላለፋል። ፉለርተን ውስጥ ቀሰሙን የሚያዞረው ሞተር ነበር፤ ሽቦውን የሚመራው ግን የሰው ጣት ነው። የሽቦው ውፍረት 0.063 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ፒክአፕ ላይ ወደ 8,000 ዙር ይጠመጠማል። ርዝመቱን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፦ የዚህ ሽቦ አንድ ሜትር 5.4 ኦም ገደማ ይለካል፤ ፒክአፑ 6,000 ኦም ካሳየ 1,100 ሜትር አካባቢ ሽቦ አለበት ማለት ነው። በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ በጣት በምታህል ዕቃ ላይ ተጠምጥሟል።

እንግዲህ «በእጅ የተጠቀለለ» የሚለው ቃል ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። ማሽን ብቻውን ሲጠቀልል ሽቦው በረድፍ ይተኛል፤ አንዱ ዙር ከሌላው ጎን፣ አንዱ ድርብ ከሌላው በላይ። ሁለት ሽቦዎች በስስ ቫርኒሽ ተለያይተው ጎን ለጎን ከተኙ ትንሽ ካፓሲተር ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ ከፍ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይበላል። የሰው ጣት ረድፍ አይጠብቅም። ሽቦው አንዴ ከዳር ዳር ይሮጣል፣ አንዴ የቀደመውን አቋርጦ ያልፋል። በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ ካፓሲተርነቱ ይቀንሳል፤ ድምፁ ላይ ትንሽ ብርሃን ይጨመራል።

«ትንሽ» ያልኩት ቃሉን መዝኜ ነው። ከጊታር ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ ራሱ ካፓሲተር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ይይዛል። አምስት ሜትር ገመድ የሰካ ሰው ፒክአፑ ራሱ ካለው ብዙ እጥፍ ጨመረበት ማለት ነው። የእጅ ጥቅል ያመጣውን ብርሃን ለመስማት የሚጓጓ ሰው አስቀድሞ ገመዱን ያሳጥር። ይህን ወጪ የሌለውን ነገር ሳይሞክር ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

ከጥቅሉ አኳኋን ይልቅ ሦስት ነገሮች ድምፁን ይወስኑታል ብዬ አምናለሁ፦ የዙሩ ብዛት፣ የማግኔቱ ዓይነት፣ በጥምጥሙ ውስጥ ያለው ብረት። ዙር ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፣ ይወፍራል፣ ቅጥነቱን ግን ያጣል። ማግኔቱን በተመለከተ የድሮዎቹ የተሠሩት ከአልኒኮ ነው፤ ብረት ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ጋር ተቀላቅሎ። አምስተኛው ዓይነት ጠንካራና ጥርት ያለ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለስለስ ይላሉ። በእኔ ጊታር ውስጥ የነበሩት ርካሽ ፒክአፖች ግን ከላይ ሲያዩአቸው ያው ስድስት ጫፍ አላቸው፤ ስድስቱ ግን ማግኔት አይደሉም። ተራ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ማግኔቱ ከሥር የተለጠፈ ጥቁር የሴራሚክ ጣውላ ነው። በጥምጥሙ መሃል ያ ሁሉ ብረት መኖሩ ድምፁን ያከብደዋል፣ ጫፉንም ያደበዝዘዋል። ፒክአፕ በመቀየር ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ዓይነቱ ሲወጡ ነው። ቀድሞውኑ ጥሩ አልኒኮ ያለው ጊታር የያዘ ሰው ግን በእጅ የተጠቀለለ ቢያስገባበት የሚያገኘው ልዩነት ስስ ነው።

ሻጮች ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት የኦሙን ቁጥር ነው። «ይሄ 7 ኪሎ ኦም ነው፣ ከ6ቱ ይበልጣል» ይላሉ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ሽቦው ከቀጠነ በትንሽ ዙር ብዙ ኦም ይገኛል። መዳብ ደግሞ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፦ አዲስ አበባ በ12 ዲግሪ ጠዋት 6 ኪሎ ኦም የለካሁት ፒክአፕ ድሬዳዋ በ35 ዲግሪ ከሰዓት ቢለካ ከ6.5 ያልፋል። አንድም ዙር አልተጨመረበትም።

ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ታሪክ ደግሞ ለየት ይላል። ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሴት ላቨር የተባለ መሐንዲስ ባለ ሁለት ጥምጥም ፒክአፕ ሠራ። አንዱ ጥምጥም በማግኔቱም በሽቦው አቅጣጫም የሌላው ተቃራኒ ነው። የክሩ ድምፅ በሁለቱም ይደመራል፤ ከመብራት መስመር የሚመጣው እምምታ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። በ1955 የፈጠራ መብት ጠየቀበት፤ በ1957 ጊታር ላይ መግጠም ተጀመረ፤ መብቱ የተፈቀደው በ1959 ነው። እስከዚያው ከሥሩ «የፈጠራ መብት ተጠይቆበታል» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት ነበር፤ የዚያ ወረቀት የእንግሊዝኛ ምሕጻር ዛሬ ፒኤኤፍ እየተባለ የሚጠራ ስም ሆኗል። በኋላ የመጣው ወረቀት ላይ የታተመው የመብት ቁጥር እንኳ የዚህ ፒክአፕ አልነበረም፤ ሌስ ፖል ለጊታር ክር ማሰሪያ ያገኘው መብት ቁጥር ነው።

የእነዚያ ፒኤኤፎች ሁለት ጥምጥሞች እኩል ዙር መያዝ ነበረባቸው። ብዙዎቹ አልያዙም። ማግኔቱም ከአልኒኮ ዓይነቶች መካከል በዕለቱ የተገኘው ነበር። በዚህ የተነሳ ሁለት አይመሳሰሉም፤ ጥምጥሞቹ ባልተስተካከሉባቸው ላይ ድምፁ ትንሽ ይከፈታል፣ እምምታውም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዛሬ ጠቅላዮች ያንን አለመስተካከል ቆጥረው፣ አስበው ይሠሩታል፤ አንዱን 5,000 ሌላውን 5,200 እያሉ። የድሮዎቹ ሠራተኞች ይህን ድምፅ አልፈለጉትም። የቀን ሥራቸውን ሠርተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በጣታቸው ጥብቀትና ላላነት ውስጥ የቀረውን ነገር ዓለም ስልሳና ሰባ ዓመት ሙሉ ሲያሳድደው ይኖራል። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ ያቆየኝ ይኸው ነው።

ወደ ጊታሬ ልመለስ። የስትራቶካስተር ፒክአፖች የተንጠለጠሉት ፊት ለፊቱ ባለው የፕላስቲክ ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ አሥራ አንድ ትንንሽ ብሎኖችን ፈትቶ ሽፋኑን መገልበጥ በቂ ነው። ሁሉም ነገር እዚያ አለ፦ ሦስት ፒክአፖች፣ ማዞሪያዎቹ፣ መቀየሪያው፣ አንድ ካፓሲተር። ማዞሪያዎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ተገቢ ነው። ለባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለባለ ሁለቱ 500 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው፤ ከተዘበራረቀ የተገዛው ድምፅ ወይ ይጮሃል ወይ ይታፈናል። ከዚያ ካውያውን አሙቆ የአሮጌዎቹን ሽቦ መንቀል፣ የአዲሶቹን በቦታቸው መበየድ ነው።

ሁለቱን ገጠምኩ። ሦስተኛውን፣ ከክሮቹ ማረፊያ ከድልድዩ አጠገብ የሚገባውን፣ ሳስገባ ካቻቢቴው አመለጠኝና የጥምጥሙን ጎን ነካው። ምንም የታየኝ ነገር አልነበረም። ቴስተሩን ሳስነካው ግን ቁጥር የለም። አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሁሉም እንደሌለ ነው።

አንድ ወዳጄ መርካቶ ውስጥ ወደሚገኝ ሞተር ጥቅለላ ቤት ወሰደኝ። ባለቤቱ ስልሳውን ያለፉ ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የውሃ ፓምፕ ሆድ ተዘርግፎ ነበር። ፒክአፑን ተቀብለው ወደ አምፖሉ አስጠጉት።

«ምንድነው ይሄ ልጄ?»

«የጊታር ነው ጋሼ። ክሩ ሲነቃነቅ ማግኔቱን ያነቃንቀዋል፤ ከሽቦው ኤሌክትሪክ ይወጣል።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ዳይናሞ ነው በለኛ። የማይሽከረከር ዳይናሞ።» ቀጥለውም «የተበጠሰው ውስጠኛው ጫፍ ነው ውጨኛው?» ብለው ጠየቁኝ።

ለመዳንና ላለመዳን ያለው ጥያቄ ይኸው ነበር። ውስጠኛው ጫፍ ከሆነ ስምንት ሺሁም ዙር ካልተፈታ አይደረስበትም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰዓት ሠሪ የሚጠቀምበትን ዓይነት ማጉያ ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ደቂቃ ፈለጉት። የተበጠሰው ከላይ ነው፤ የመጨረሻው ዙር ላይ። ጫፉ ግን አልላቀቅ አለ፤ ጥቅሉ በሰም ተነክሯል። ጠቅላዮች ይህን የሚያደርጉት ፓራፊንን ከንብ ሰም ጋር አቅልጠው፣ ፒክአፑን ነክረው አየሩ እስኪወጣ በማቆየት ነው። ሽቦው ከላላ ድምፅ ሲበረታ እሱ ራሱ ይንዘፈዘፋል፤ ያኔ ፒክአፑ እንደ ማይክሮፎን ይጮሃል። የድሮዎቹ ፒኤኤፎች ሰም አልነበራቸውም፤ አምፕሊፋየር አጠገብ ሲቆም ያፏጫሉ፤ ለዚያ ሲሉ የሚወዷቸውም አሉ። ሽማግሌው ካውያውን ሳያስነኩ አጠገቡ ያዙት። ሰሙ ለስለስ ሲል የጧፍ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ጫፉ በመርፌ ተነሳ።

ሊድ ሲያስነኩት ሊዱ እንደ ጤዛ ክብ ሆኖ ተንከባለለ፣ አልያዘም። «ቫርኒሹ ጠንካራ ነው፤ የአሁኑ ዓይነት አይደለም» አሉ። ልክ ነበሩ። የዛሬው ሽቦ ልባስ ካውያ ሲነካው ራሱ ይቀልጣል፤ የድሮው ፎርምቫር የሚባለው ግን መፋቅ አለበት። ፌንደር እስከ 1964 ገደማ የተጠቀመው ይህን ነበር፤ ጠቅላዬም ለዚያ ታማኝ ሆኖ ነው። ያለቀ የብርጭቆ ወረቀት አጥፈው ጫፉን በመሃሉ ሁለቴ ሳብ አደረጉት። መዳቡ አበራ። በየዱት። ቴስተሩ 6.1 አለ። የጎደለው አንድ ዙር ነው። የሠሩበትን ዋጋ ስጠይቃቸው የሻይ ብቻ ተቀበሉኝ።

ማታውኑ ገጠምኩት። መጀመሪያ የሰማሁት እምምታውን ነው፤ አዲሱም ፒክአፕ አላዳነኝም። እንዲህ ያለ ባለ አንድ ጥምጥም ዕቃ በእጅም ተጠቀለለ በማሽን የቤቱን መብራት ይሰማል፤ እኛ ጋ መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ድምፁ ከአሜሪካው ወፈር ይላል። የመሃለኛውን ፒክአፕ ግን ተቃራኒ አድርጎ እንዲጠቀልልልኝ ጠይቄ ነበር፤ መቀየሪያው ሁለት ሁለቱን በአንድ ላይ ሲከፍት እምምታው ይጠፋል። በ1954ቱ ጊታር ሦስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ መቀየሪያውም ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች መሃሉ ላይ አጣብቀው ሁለት ሁለቱን ያሰሙ ነበር፤ ባለ አምስት ቦታው በፋብሪካ የመጣው በ1977 ነው። ለድሮው ታማኝነቴን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰውም ይህንኑ እመክራለሁ።

ከዚያ ከፍታው። ማግኔቱ ለክሩ ከቀረበ ድምፁ ይጎላል፤ በጣም ሲቀርብ ግን ክሩን ይስበዋል፣ ወፍራሙ ክር ላይም ቅኝቱ የሚዋልል ድምፅ ያመጣል። አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች በመጨረሻው (ፍሬት ይሉታል) ላይ ክሩን ተጭኜ፣ በወፍራሙ በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውኩ። ማስተካከሉን ከዚህ ቁጥር ጀምሮ በጆሮ መጨረስ ይቻላል።

ትዝታን በዝግታ ስመታው ድምፁ እንደ ድሮው ሸክላ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንድ ክር ግን ከሌሎቹ በላይ ይጮህ ነበር። ሦስተኛው። ፒክአፑን ጠጋ ብዬ ሳይ የሦስተኛው ክር ማግኔት ከሁሉም የበለጠ ወደ ላይ ወጥቷል። ስህተት አይደለም። በ1954 ሦስተኛው ክር በሽቦ የተጠቀለለ ነበር፤ ውስጡ ያለው ብረት ቀጭን ስለነበር ድምፁ ይደክማል፤ ፉለርተኖች ማግኔቱን ከፍ በማድረግ ደገፉት። ዛሬ የምንገዛው ሦስተኛ ክር ያልተጠቀለለ ድፍን ብረት ነው፤ ድጋፉን አይፈልግም። ጠቅላዬ የቀዳው የአሮጌውን ጊታር ልክ ነው፤ ያ ልክ ደግሞ የተሰጠው ለአሮጌው ክር ነበር።

የተጠቀለለ ሦስተኛ ክር ያለበት ጥቅል ፈልጌ አመጣሁ። ጣት ያሳምማል፣ ሲስቡትም እንደ ድፍኑ አይታዘዝም። ድምፁ ግን አሁን ከጎረቤቶቹ እኩል ነው።